ከፈቃዱ በፊት ማዘዣው፦ የላስታ ጥበበኞችና የአነስተኛ ንግድ ሕጋዊነት

ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያቀናው መንገድ በኩልመስክ ያልፋል። ጎብኚ ኩልመስክን የሚያያት ከመኪና መስኮት ነው፤ የሚወርደው ላሊበላ ደርሶ ነው። እዚያም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ይጠብቁታል። መስቀል፣ በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ከድንጋይ የተጠረበ ምስል፣ ጥልፍ፣ ሙዳይና ሸማ ይሸጣሉ። በመደብሩ ግድግዳ ላይ የንግድ ፈቃድ ተሰቅሏል፤ ባለመደብሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፤ ደረሰኝ ይቆርጣል። ዕቃውን በገጠር ቀበሌ ተቀምጦ የሠራው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ስሙም ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ አይገኝም።

ስለዚህ በላስታ የኪነ ጥበብ ንግድ ኢመደበኛ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ሻጩ መደበኛ ነው፤ ኢመደበኛው ሠሪው ነው። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ በወረቀት ሰፍሯል፤ ሌላው ጫፍ በአፍ ቃል ብቻ ተንጠልጥሏል። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ፖሊሲ ለዚህ የሚያዝዘው መድኃኒት ለዓመታት አንድ ዓይነት ሆኖ ቆይቷል፦ ተደራጁ፣ ተመዝገቡ፣ ፈቃድ አውጡ። መድኃኒቱ ስሕተት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ለአንድ የላስታ ሠዓሊ ወይም ቀራጭ ሕጋዊነት መጀመር ያለበት ከንግድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሳይሆን ሥራው ከሚታዘዝበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሰነዱ የተጻፈ ማዘዣ ሊሆን ይገባል፤ ፈቃዱ ተከትሎ ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደተገለበጠ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በሰሜኑ የደጋ ማኅበረሰብ የሰው ማዕረግ የሚለካው በርስቱ ነበር። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው እየተጠሩ ይሰደቡ ነበር፤ አዝማሪውም ከዚህ ስድብ አልዳነም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የሚታወቅ ነው። አዋጅ ማስነገር ካስፈለገ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር መገመት አይከብድም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከእነዚህ የተለየ ክብር ነበረው፤ ይሁን እንጂ ክብሩ የመጣው ከክህነቱና ከትምህርቱ እንጂ ከብሩሹ ስላልነበረ በሥዕሉ ላይ ስሙን ማስፈር የሚጠበቅበት አልነበረም። እንግዲህ «በሙያህ ተመዝገብ» የሚለው የዘመናችን ጥሪ የሚደርሰው በሙያው መጠራትን እንደ ውርደት ወይም እንደ ትዕቢት ሲቆጥር በኖረ ቤት ነው። ይህን ያላገናዘበ የምዝገባ ዘመቻ ጥቂት ሰው ቢመዘግብ ሊደንቅ አይገባም።

ሕጉም ቢሆን ጥበበኛውን ከነጋዴ ጎራ ለማስገባት ለረጅም ጊዜ አመንትቷል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 9 በራሱ እጅ ሥራ የሚተዳደረውን፣ ከቤተሰቡና ከጥቂት ረዳቶች ጋር የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ከነጋዴ አይቆጥረውም ነበር። አሳቡ የዋህ አልነበረም፤ ለአንድ ሸማኔ የሒሳብ መዝገብና የንግድ መዝገብ ግዴታ ሸክም እንደሚሆን ያሰበ ሕግ ነው። ውጤቱ ግን ባለሙያው ከግዴታው ብቻ ሳይሆን ከመዝገቡም ውጭ እንዲቀር ማድረግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 100,000 ብር ካፒታል ያለውን ሁሉ ጥቃቅን ብሎ በመፈረጅ የሠዓሊውን ጎጆ ጭምር ከፖሊሲው ጥላ ሥር አስገብቷል። የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በሮቹ ተከፍተዋል ማለት ነው። ሠዓሊው ለምን እንደማይገባ ግን አሁንም መጠየቅ አለበት።

ከኩልመስክ አካባቢ የተነሣ አንድ ሠዓሊ እንበል። ከአባቱ የወረሰው የእርሻ ይዞታ አለው፤ የይዞታ ደብተሩም በእጁ ነው። ሥዕሉን የሚሥለው ከእርሻ ሥራ በሚተርፈው ጊዜ በቤቱ ነው። ፈቃድ ለማውጣት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የንግድ አድራሻ ነው፦ የንግድ ቤት ይዞታ ወይም የኪራይ ውል። የእርሻ ደብተሩ ለዚህ አይበቃውም። በከተማ ቤት ቢከራይ ደግሞ ለሥዕሉ የማያስፈልገውን ክፍል ለፈቃዱ ሲል ይከፍላል። ገቢው ወቅታዊ ነው፤ የገና ሰሞን ሞቅ ይላል፤ ክረምት ሲገባ ይደርቃል። ፈቃዱ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ይህ ሰው ሒሳቡን ሠርቶ ቢቀር ሰነፍ ወይም ሕገ ወጥ ማለት አይገባም።

ይህ የግምት ሒሳብ ብቻ እንዳይመስል ከሌላ አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። ሱሬሽ ደ ሜል፣ ዴቪድ ማከንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ በስሪላንካ ባልተመዘገቡ ድርጅቶች ላይ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙትን የመስክ ሙከራ ማንሳት ይቻላል። ስለ ምዝገባ ሒደት መረጃ መስጠትና የምዝገባ ወጪን መመለስ የተመዝጋቢውን ቁጥር አልጨመረም። ከግማሽ እስከ አንድ ወር ትርፍ የሚያህል ገንዘብ ሲሰጥ ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ የሁለት ወር ትርፍ ያህል ሲሰጥ ግማሽ ያህሉ ተመዘገቡ። እምቢ ካሉት መካከል በብዛት የተነሣው ምክንያት የመሬትና የይዞታ ጉዳይ ነበር። ከኮሎምቦ እስከ ላስታ ብዙ ርቀት አለ፤ የአድራሻው ችግር ግን አንድ ነው። በማላዊ ደግሞ ፍራንሲስኮ ካምፖስ፣ ማርከስ ጎልድስታይንና ማከንዚ ባደረጉት ጥናት ምዝገባው ከግብር ተለይቶ በነፃ ሲቀርብ ብዙዎች ተቀበሉት፤ ሽያጭና ትርፍ ያደገው ግን ምዝገባው ከባንክ ጋር ከሚያገናኝ ትውውቅ ጋር ሲጣመር ነበር። ወረቀቱ ለብቻው ሀብት አልፈጠረም። ሀብት የፈጠረው ወረቀቱ የከፈተው ግንኙነት ነው።

ታዲያ ለላስታ ጥበበኛ እንዲህ ያለውን ግንኙነት የሚከፍተው ወረቀት የትኛው ነው? መልሱ በቅጂ መብት ሕጉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ሠልጣኞች ግን እምብዛም ሲሰሙት አይታይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው በመፈጠሩ ብቻ ነው፤ ምዝገባም ሆነ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሌለው ሠዓሊ ሥዕሉን በጨረሰባት ዕለት የመብት ባለቤት ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ክፉው ዜና ቀጥሎ ይመጣል፦ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው።

ይህ ድንጋጌ በላስታ መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ሠዓሊው በራሱ አሳብ ሠርቶ የጨረሰውን ሥዕል ወደ ላሊበላ ወስዶ ቢሸጥ የሸጠው ብራናውን ነው፤ ምስሉን የማባዛት መብት ከእርሱ ጋር ይቀራል። ባለመደብሩ «እንዲህ ያለ 20 ሥዕል አድርግልኝ» ብሎ በቃል ካዘዘው ግን የማባዛቱ መብት ወደ ባለመደብሩ የሚሄድበት በር ተከፍቷል። በፖስታ ካርድ፣ በቲሸርት፣ በመጽሐፍ ሽፋን ቢወጣ ሠዓሊው የሚጠይቀው ነገር ይጠብበታል። የሥነ ምግባር መብቱ፣ ማለትም የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብቱ አብሮት ይኖራል፤ ግን ያለ ምስክርና ያለ ወረቀት ይህን እንዴት ያስረዳል? በሁለቱ ሽያጮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በማዘዣው ላይ «የማባዛት መብቱ የሠዓሊው ነው» የሚል አንድ መስመር ከተጻፈ ሕጉ ራሱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ብሎ የተወው ክፍተት ይሞላል። ይህን መስመር ለመጻፍ ፈቃድ፣ አድራሻም ሆነ ማኅተም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ። በላሊበላ የሚሣለው ሥዕል አብዛኛው ከትውፊት የተቀዳ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ እንዲሆን የወሰነው የዛሬው ሠዓሊ አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው ወጥ የሆነውን እንጂ የጋራውን ትውፊት ስላልሆነ የሠዓሊው መብት ከቅንብሩ፣ ከቀለም አጣጣሉና ከራሱ ፈጠራ አይሰፋም። ቢሆንም ጠባብ መብት ከባዶ እጅ ይሻላል።

የተጻፈ ማዘዣ ለአካባቢው ባዕድ ነገር አይደለም። ቀብድ የማያውቅ ገበያ በላስታ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀብድን ከልማዱ ተቀብሎ ቦታ ሰጥቶታል፦ ቀብድ መስጠት ውል ለመፈጸሙ ማስረጃ ነው፤ የሰጠው ወገን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሸማኔውና ባለመስቀሉ ይህን ሥርዓት ለማወቅ ሕግ ትምህርት ቤት አልገቡም። የጎደለው ቀብዱ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ ነው። ቀኑ፣ የታዘዘው ሥራ፣ ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የሚያስረክብበት ጊዜ፣ የማባዛት መብቱ የማን እንደሆነ፣ የሠሪው ስም በሥራው ላይ እንደሚሰፍር፣ የሁለቱ ፊርማ። ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። ልጁ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሠዓሊ በልጁ እጅ ሊያጽፈው ይችላል።

ከዚህ ገጽ በኋላ ሌሎቹ ወረቀቶች በየተራቸው ትርጉም ያገኛሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በወጣበት ይዘቱ ከመጠን በላይ የሆነ ግዥ የፈጸመ ድርጅት ከአቅራቢው ክፍያ ላይ 2 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር፣ አቅራቢው መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ግን 30 በመቶ እንዲያስቀር ደንግጓል። ለአንድ ሆቴል የግድግዳ ሥዕል የሚያቀርብ ሰው ይህን ልዩነት በኪሱ ይሰማዋል። ስለዚህ ከማዘዣው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የመለያ ቁጥር ነው። ከዚያም የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። ይህ አዋጅ ቤትና መሬት የሌለው ሰው የሚሰበሰብ ሒሳቡንና የአእምሯዊ ንብረት መብቱን ጭምር ለብድር መያዣ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። በቃል የታዘዘ ሥራ ግን የሚሰበሰብ ሒሳብ ተብሎ ለባንክ ሊቀርብ አይችልም፤ የተፈረመ ማዘዣ ይችላል፣ ቢያንስ ለመከራከር። አበዳሪው በተግባር ይቀበለዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለድኅረ ምረቃ ጥናት ግን ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም።

የወረቀቱ ዋጋ በክፉ ቀን ይበልጥ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚውን እግር ቆረጠ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላን ደረሰባት፤ ከዚያም በኋላ አካባቢው ሰላም አላደረም። መደብሩ ሲዘጋ ባለመደብሩ የዘጋው ንግድ እንዳለው በፈቃዱ ያሳያል፤ የቀድሞ ዓመት ግብሩን አውጥቶ የደረሰበትን ኪሳራ ያስላል። ሠሪው ግን ያጣውን የሚያሳይበት ነገር የለውም። በወረቀት ሳይኖር የኖረ ገቢ ሲጠፋም በወረቀት አይጠፋም። ማገገሚያ ብድር ወይም ድጋፍ በሚታሰብበት ጊዜ ሦስት ዓመት ያከማቸ የማዘዣ ጥራዝ ያለው ሰው በባዶ እጁ ከሚቀርበው ጋር እኩል አይደለም።

ስም በሥራ ላይ መስፈሩና ባለቤትነት በሰነድ መያዙ ከገበያው ዘመን አልፎ እንደሚያገለግል የአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ያስረዳል። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ክልከላውን ደፍሮ ገባ። በየሸክላው ላይ ግን የድምፃዊው ስም፣ የአሳታሚው ስምና የሸክላው ቁጥር ታትሞ ነበር። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይ ሲያዘጋጅ ከአምሃ ሪከርድስ፣ ከካይፋ ሪከርድስና ከፊሊፕስ ኢትዮጵያ የወጡትን ሥራዎች ለማግኘት የሚያነጋግረው ባለመብት ነበረ። በዚያው ዘመን በየአዝማሪ ቤቱ የተዘፈነው፣ ምናልባት ከዚያ የማያንሰው፣ የሚያነጋግሩት ባለቤት የለውም። በሥዕልም እንዲሁ ነው። ከጎጃም የመጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው በአዲስ አበባ ለገበያ ከሚሥሉት ብዙ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ሕይወታቸውንና ሥራቸውን የሚመለከት ትርዒትና መጽሐፍ ተዘጋጀላቸው። እንዲህ ያለ ትርዒት የሚዘጋጀው ሥራዎቹ የአንድ እጅ መሆናቸው ሲታወቅ ብቻ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ የመደራደር አቅም ነው። ባለመደብሩ «ፈርምልኝ» ያለውን ሠዓሊ ትቶ ወደ ማይጠይቀው ጎረቤቱ ይሄዳል። ተቃውሞው ትክክል ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ማኅበር ማቋቋምና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 በሚፈቅደው መሠረት የጋራ ንግድ ምልክት ማስመዝገብ ነው። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገችው ትግል እንደ አርአያ ይጠቀሳል። አርአያው ግን ለሥዕል ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ቡናን የሚለየው አፈሩ ነው፤ ሥዕልን የሚለየው እጁ ነው። «የላስታ ሥራ» የሚል ማኅተም ብቻ ቢታተም ባለመደብሩ ያጠፋውን ስም ማኅበሩ ደግሞ ሊያጠፋው ይችላል። የጋራው ምልክት ከሠሪው ስም ጎን ሲቆም ይጠቅማል፤ በስሙ ቦታ ሲተካ ግን የድሮውን ስም አልባነት በአዲስ ማኅተም ማደስ ይሆናል። ማኅበሩ የተሻለ ሊሠራ የሚችለው ሥራ አባላቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የማዘዣ ቅጽ እንዲጠቀሙ ማድረግ ነው፤ ያኔ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ባለመደብር እዚያም ያው ቅጽ ይጠብቀዋል።

ለሁሉም ጥበብ ግን ይህ አይሠራም። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች አዛዥ የላቸውም፤ ሥራቸው ሳይታዘዝ የሚመጣ በመሆኑ ነው ጥበብ የሆነው። እነርሱን በማዘዣ ቅጽ ውስጥ ለማስገባት መሞከር ነገሩን ማፍረስ ነው። ደጋው በበግ ጸጉር የሚሠራውን ባናና ሌላውን ለዕለት ገበያ የሚወጣ ዕቃም ቢሆን ማዘዣ ብዙ አይጠቅመውም።

ለሠዓሊው፣ ለጸሐፊውና ለቀራጩ ግን መጀመሪያው ቦታ ምናልባት የስጦታ ዕቃው መደብር ላይሆን ይችላል። በላስታ ሥዕል የሚያዝዘው ቀዳሚው ተቋም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አዲስ መቅደስ ሲታነጽ፣ አሮጌው ሲታደስ ሠዓሊ ይጠራል። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ደግሞ ከመደብሩ የተለየ አንድ ነገር አለው፦ ሲወስን ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ይፈርማል፤ ማኅተም ያሳርፋል። ሥዕሉ በማን እንዲሣል፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደተወሰነ በዚያ መዝገብ ሊሰፍር ይችላል። ማዘዣው ከሞላ ጎደል ተጽፏል ማለት ነው፤ በሠዓሊው እጅ ግን አይገኝም። ሰበካ ጉባኤው የዚያን ገጽ ቅጂ አትሞ ለሠዓሊው ቢሰጠውና ሠዓሊውም ከሥዕሉ ግርጌ ስሙን እንዲያሰፍር ቢፈቅድለት፣ ሠዓሊው በሚቀጥለው ወር ወደ ላሊበላ ሲወርድ ለባለመደብሩ የሚያሳየው ወረቀት በኪሱ ይኖራል።